አጥንት የማይለቀው ብረት፦ የኢምፕላንት ታሪክ ለታካሚና ለወላጅ



በውስጥ መስመር ደጋግመው ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱን ላስቀድም።

«ዶክተር፣ የጥርስ ኢምፕላንት ላስተክል ነው። አንዱ ክሊኒክ ስድስት ወር ይጠብቁ አለኝ፤ ሌላው በስድስት ሳምንት ጥርሱን እጨርስልዎታለሁ አለኝ። ማንን ልመን?»

«ልጄ 12 ዓመቷ ነው። ወድቃ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ገንዘቡን አሟልቼ ኢምፕላንት ይተከልላት ብል ‹ገና ልጅ ናት› አሉኝ። ለምን?»

«ተሰብሬ እግሬ ውስጥ ብረት ገብቶልኛል። ይውጣ ወይስ ይቆይ?»

ሦስቱ ጥያቄዎች የማይገናኙ ይመስላሉ። መልሳቸው ግን ያለው አንድ ቦታ ነው፦ አጥንትና ብረት በሚነካኩበት፣ በዓይን በማይታይ ስስ ድንበር ላይ። ዛሬ የዚያን ድንበር ታሪክ ላጫውታችሁ። ረዘም ይላል፤ ግን ታሪኩን ያወቀ ሰው ሐኪሙን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ያውቃል። ለምን መታገሥ እንዳለበትም ይገባዋል።

(በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 ዘግይቶ የመጣ ብረት

ወርቅ፣ ብርና ብረት የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቃቸው ናቸው። ቲታኒየም ግን የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው። በ1791 ዊልያም ግሬጎር የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በኮርንዎል አካባቢ ከሰበሰበው ጥቁር አሸዋ ውስጥ ከዚያ በፊት የማይታወቅ ማዕድን አገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ኬሚስት ክላፕሮት በግሪክ አፈ ታሪክ ካሉት ግዙፎቹ ቲታኖች ስም ወስዶ «ቲታኒየም» አለው። ከማዕድኑ ንጹሑን ብረት በብዛት አጣርቶ ማውጣት ግን እጅግ አስቸጋሪ ነበር። መንገዱ የተከፈተው የሉክሰምበርጉ ተወላጅ ዊልያም ክሮል በ1940ዎቹ ለኢንዱስትሪ የሚሆን ዘዴ ካስገኘ በኋላ ነው።

ሐኪሞች ከዚያ በፊት የተሰበረ አጥንት የሚያያይዙት በሌሎች ብረቶች ነበር። አንዳንዱ በሰውነት ፈሳሽ ይዝጋል፣ አንዳንዱ ሕብረ ሕዋሱን ያስቆጣል። የተሻለ የሚባለውን እንኳ ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ በስስ የጠባሳ ሽፋን ይከብበዋል። ይህ ሽፋን ለስላሳ ስለሆነ ብረቱ ውሎ አድሮ ይላላል።

በ1940 ቦት፣ ቢተንና ዳቨንፖርት የተባሉ ተመራማሪዎች የተለያዩ ብረቶችን በድመቶች የጭን አጥንት ውስጥ ከተቱ። አጥንቱ ከቲታኒየም ጋር የመጣበቅ ጠባይ እንዳለውም አስተዋሉ። በ1951 ደግሞ ሌቨንታል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የቲታኒየም ብሎኖችን በአይጦች አጥንት ውስጥ አስገባ። በ6ኛው ሳምንት ብሎኖቹ ከገቡበት ጊዜ ይልቅ ጠበቅ ብለው አገኛቸው። በ12ኛው ሳምንት ለማውጣት ይበልጥ አስቸገሩ። በ16ኛው ሳምንት አንዱን ለመንቀል ሲሞከር አጥንቱ ራሱ ተሰበረ።

ልብ በሉ፤ ሌላው ብረት እየቆየ ሲላላ ይኼኛው እየቆየ ይጠብቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን ብዙ ሰው አላስተዋለውም።

🔹 ከጥንቸሏ እግር አልወጣ ያለው መሣሪያ

በ1950ዎቹ መጀመሪያ በስዊድን፣ በሉንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ የተባለ ወጣት ሐኪም ሌላ ነገር ያጠና ነበር። ማወቅ የፈለገው ደም በመቅኔ ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር ነው። ለዚህም በጥንቸሎች የእግር አጥንት ላይ ትንሽ የማያ መስኮት ያለው መሣሪያ ተከለ፤ አካሉ ከቲታኒየም የተሠራ ነው። በማይክሮስኮፕ እያየ የደሙን ዝውውር ተከታተለ።

ጥናቱ ሲያልቅ መሣሪያውን አውጥቶ ለሌላ ጥንቸል ሊጠቀምበት አሰበ፤ ውድ ነበርና። ሊወጣለት ግን አልቻለም። አጥንቱ ብረቱን ሙጭጭ አድርጎ ይዞታል። በመካከላቸው የጠባሳ ሽፋን የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን በተበላሸው መሣሪያ ተናድዶ ያልፈው ይሆናል። ብሮነማርክ ግን «አጥንት እንዲህ የሚይዘው ብረት ካለ ጥርስ ላጣ ሰው ሥር ሊሆነው ይችላል» ወደሚለው ሐሳብ አመራ። ወደ ጎተንበርግ ከተዛወረ በኋላ በውሾች መንጋጋ ላይ ለዓመታት ሞከረው። ለዚህ የአጥንትና የብረት ውሕደት በኋላ የተሰጠው ስም «ኦሲዮኢንቴግሬሽን» ነው። በእኛ አነጋገር «አጥንት ብረቱን የራሱ ሲያደርገው» ማለት ነው።

🔹 የመጀመሪያው ታካሚ

በ1965 ጎስታ ላርሶን የተባለ የ34 ዓመት ስዊድናዊ ወደ ብሮነማርክ መጣ። ከልደቱ ጀምሮ የላንቃና የመንጋጋ ችግር ነበረበት፤ በታችኛው መንጋጋው ላይ ጥርስ አልነበረውም፤ ማኘክና መናገር ይቸግረው ነበር። ብሮነማርክ በታችኛው መንጋጋው 4 የቲታኒየም ብሎኖች ተከለለት። ከዚያም ጠበቀ። አጥንቱ ብሎኖቹን ከያዘ በኋላ ጥርሶቹ በላያቸው ታሠሩ። ላርሶን በ2006 እስኪያርፍ ድረስ ለ40 ዓመት ያህል ተገልግሎባቸዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የስዊድን የጥርስ ሕክምና ባለሙያዎች ብዙዎቹ አላመኑትም ነበር። ቅሬታቸው መሠረት ነበረው። ከዚያ በፊት ሌሎች የሞከሯቸው ኢምፕላንቶች እየላሉና እየመገሉ ብዙ ሰው ጎድተዋል። ብሮነማርክ የ10 ዓመት ውጤቱን በ1977 አሳተመ። በ1982 በካናዳ ቶሮንቶ በተደረገ ጉባኤ ላይ ሥራው ለሰሜን አሜሪካ ሐኪሞች ቀረበ፤ ዓለምም ተቀበለው። ከመጀመሪያው ታካሚ እስከዚያ ቀን 17 ዓመት አልፏል።

የብሮነማርክ ሥርዓት ጥብቅ ነበር። አጥንቱ ቀስ ብሎ፣ በጨው ውኃ እየቀዘቀዘ ይበሳል። ቡድኑ በኋላ በጥንቸሎች ባደረገው ጥናት አጥንት በ47 ዲግሪ ሙቀት ለ1 ደቂቃ ብቻ ቢቆይ እንደሚጎዳ አሳይቷል። ብሎኑ ከገባ በኋላ ድዱ ተመልሶ ይሰፋበታል። በታችኛው መንጋጋ 3 ወር፣ አጥንቱ ሳሳ በሚለው በላይኛው መንጋጋ ደግሞ 6 ወር ያህል ይጠበቃል። ያን ጊዜ ሁሉ ምንም ጭነት አያርፍበትም።

የመጀመሪያው ጠያቂያችን የሰማው «ስድስት ወር» የሚል ምክር ከዚህ የመጣ ነው።

🔹 ዋናው ነገር ቆዳው ነው

ታዲያ ቲታኒየም ከሌላው ብረት በምን ተለየ? ቲታኒየም አየር በነካው ቅጽበት ራሱን በኦክሳይድ ሽፋን ይለብጣል። የሽፋኑ ውፍረት ጥቂት ናኖሜትር ነው። የአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ናኖሜትር መሆኑን ስታስቡ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ይገባችኋል። ቢጫርም ወዲያው ራሱን ይጠግናል። ደማችንና አጥንታችን የሚነኩት ብረቱን ሳይሆን ይህን ሽፋን ነው። ብረቱ እንዳይዝግና ሰውነት እንዳይቆጣ የሚያደርገውም እሱ ነው።

ኢምፕላንት ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ደምን ነው። በሰከንዶች ውስጥ የደም ፕሮቲኖች ይለጠፉበታል። ቀጥሎ ደሙ ይረጋል፤ የረጋው ደም ክሮች ከብረቱ ጋር ይያያዛሉ። አጥንት ሠሪ ሴሎች እነዚያን ክሮች እንደ ድልድይ ተጠቅመው ወደ ብረቱ ይሻገራሉ። መጀመሪያ ያልጠነከረ ለጋ አጥንት ይሠራሉ፤ ወራት እየቆየ በጠንካራ አጥንት ይተካል።

እዚህ ላይ ነው ተመራማሪዎች አዲስ ጥያቄ ያነሡት። የብሮነማርክ ብሎኖች በማሽን ተቆርጠው እንደወጡ የሚተከሉ፣ ለስለስ ያሉ ነበሩ። ክሮቹ የሚይዙበት፣ ሴሎቹ የሚቆናጠጡበት ሸካራ ቦታ ቢያገኙስ?

🔹 ወፍጮ ይወቀራል፤ ኢምፕላንትስ?

እናቶቻችን ይህን ሐሳብ በሌላ መንገድ ያውቁታል። የድንጋይ ወፍጮ ሲሟልጥ እህሉ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ይወቀራል። ግንበኛም ልሙጥ ግድግዳ ላይ ልስን ስለማይዝለት አስቀድሞ ያሻክረዋል። የኢምፕላንት ሠሪዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ ውቅር በማይክሮሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር አንድ ሺኛ የሚለካ መሆኑ ነው።

በ1970ዎቹ በስዊዘርላንድ፣ በበርን ዩኒቨርሲቲ፣ አንድሬ ሽሮደርና ባልደረቦቹ የቲታኒየም ዱቄትን ከ10,000 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ጋዝ እያቀለጡ በኢምፕላንቱ ላይ ረጩት። ብናኙ እንደ ጠብታ እያረፈ ሲቀዘቅዝ ሸካራ ንብርብር ይሠራል። ሽሮደር አጥንቱንና ብረቱን ሳይለያይ አብሮ እየሰነጠቀ በማይክሮስኮፕ አሳየ፤ በእርግጥም አጥንቱ ብረቱን በቀጥታ ነክቶታል። በብሮነማርክ የተነገረው ነገር በሌላ አገር፣ በሌላ ቡድን ተረጋገጠ።

በዚያው ዘመን የአጥንት ሐኪሞችም የዳሌ መገጣጠሚያ ላይ ተመሳሳይ ፈተና ነበረባቸው። እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሰው ሠራሽ ዳሌን በአጥንት ሲሚንቶ ያጣብቅ ነበር፤ ለብዙ ሰው እፎይታ ሆነ፤ ዛሬም ይሠራበታል። በአንዳንድ ታካሚዎች፣ በተለይ በወጣቶችና ብዙ በሚንቀሳቀሱ ሰዎች ላይ ግን ውሎ አድሮ ይላላ ነበር። ስለዚህ አጥንት ሊያድግባቸው የሚችሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሏቸው የብረት ገጾች ተሠሩ። ዛሬ ያለ ሲሚንቶ የሚገባው ዳሌ የዚህ ውጤት ነው።

🔹 ያማረው ሐሳብ የሰጠው ትምህርት

በ1980ዎቹ አንድ በጣም የሚማርክ ሐሳብ መጣ። «አጥንታችን የተሠራው ሃይድሮክሲአፓታይት ከሚባል የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን ከሆነ፣ ብረቱን በዚሁ ማዕድን ብንለብጠው አጥንቱ ወገኑ መስሎት ቶሎ አይቀበለውም ወይ?»

ተቀበለው። አጥንቱ በፍጥነት ያዘ፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውጤት ደስ የሚል ነበር። ብዙ የጥርስ ኢምፕላንቶች በዚህ ማዕድን ተለብጠው ወጡ። ዓመታት ሲያልፉ ግን በአንዳንድ ታካሚዎች አፍ ውስጥ ልባጩ ይሟሟ፣ ከብረቱም ይላቀቅ ጀመር። በተላቀቀው ቦታ ባክቴሪያ ገባ፤ አጥንቱ መሟጠጥ ያዘ። ብዙ የጥርስ ሐኪሞች ይህን ልባጥ ተዉት።

በዳሌ ላይ ግን ታሪኩ ሌላ ሆነ። በ1985 በለንደን ሮናልድ ፈርሎንግ በዚሁ ማዕድን የተለበጠ ሰው ሠራሽ ዳሌ ተከለ። ይህ ዓይነቱ ልባጥ በዳሌ ቀዶ ሕክምና ዛሬም ድረስ በጥሩ ውጤት ያገለግላል።

ለምን ተለያዩ? ዳሌ በቆዳና በጡንቻ የተዘጋ፣ ንጹሕ ቤት ነው። አፍ ግን በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ምግብ፣ ምራቅና ባክቴሪያ ይመላለሱበታል። የጥርስ ኢምፕላንት ግማሹ አጥንት ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ነው። አንዱን ቦታ የጠቀመ ገጽ ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ማማሩም የአሥረኛውን ዓመት አያረጋግጥም። «አዲስ ቴክኖሎጂ መጣ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ይህን አስታውሱ።

🔹 በብናኝ ተደብድቦ፣ በአሲድ ታጥቦ

በ1991 ዳንኤል ቡዘርና ባልደረቦቹ በትናንሽ ዝርያ አሳማዎች አጥንት ውስጥ የተለያየ ገጽ ያላቸውን ኢምፕላንቶች ተክለው በ3ኛውና በ6ኛው ሳምንት መረመሩ። የለኩት ከኢምፕላንቱ ገጽ ምን ያህሉን አጥንት እንደነካው ነው። በጣም ልሙጥ የሆነውን አጥንት የነካው ከ20 እስከ 25 በመቶ ብቻ ነበር። በማዕድን የተለበጠው ከ60 እስከ 70 በመቶ ደረሰ፤ ነገር ግን ልባጩ የመሟሟት ምልክት ያሳይ ነበር። መጀመሪያ በሻካራ ጠንካራ ብናኝ ተደብድቦ ቀጥሎ በአሲድ የታጠበው ቲታኒየም ደግሞ ምንም ልባጥ ሳይኖረው ከ50 እስከ 60 በመቶ ደረሰ።

በዚህ ዘዴ ከላይ የሚጨመር፣ በኋላ የሚላቀቅ ነገር የለም። ብረቱ ራሱ ነው የተወቀረው። ብናኙ ትልልቁን ጉድጓድ ይቆፍራል፤ አሲዱ በየጉድጓዱ ውስጥ ጥቃቅኑን ይሠራል። ይህ ገጽ በ1990ዎቹ መጨረሻ ለታካሚዎች ሲቀርብ፣ አጥንቱ ጥሩ በሆነ ሰው ላይ የመጠበቂያው ጊዜ ወደ 6 ሳምንት ገደማ እንዲያጥር አስቻለ። «ስድስት ሳምንት» የሚለው ምክር ደግሞ ከዚህ መጣ።

ሌሎች ቡድኖች ኢምፕላንቱን በፈሳሽ ውስጥ ነክረው ኤሌክትሪክ በማሳለፍ የኦክሳይድ ሽፋኑን አወፈሩት። በጎተንበርግ አን ቬነርበርግና ቶማስ አልብሬክትሶን የሸካራነቱን ልክ አጠኑ፤ ከ1 እስከ 2 ማይክሮሜትር ያለው መካከለኛ ሸካራነት የተሻለ የአጥንት ምላሽ እንደሚያገኝ አመለከቱ። ማለዘብ ብቻ ሳይሆን ማብዛትም አልጠቀመም።

በ2004 ደግሞ የቡዘር ቡድን ሌላ ነገር አሳየ። ያንኑ የተወቀረ ገጽ አየር ሳይነካው በጨው ውኃ ውስጥ ቢያቆዩት ደም የሚመጥ፣ ውኃ ወዳድ ይሆናል። በእንስሳት ላይ በ2ኛው ሳምንት አጥንት የነካው 49 በመቶ ሲሆን የተለመደው 29 በመቶ ነበር። በ8ኛው ሳምንት ግን ልዩነቱ ጠፋ። አዲሱ ገጽ ሩጫውን አፈጠነው እንጂ መድረሻውን አልቀየረውም። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለታካሚዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ይህን ነው።

🔹 ሸካራነት ዕዳም አለው

አጥንት የሚወደውን ሸካራ ቦታ ባክቴሪያም ይወደዋል። ሸካራው ክፍል በአጥንት ተሸፍኖ እስካለ ድረስ ችግር የለውም። ድዱ ሲታመምና አጥንቱ ሲሸሽ ግን ያ ክፍል ይጋለጣል። ከዚያ በኋላ በጥርስ ብሩሽ ይቅርና በሐኪም መሣሪያም ጠርጎ ማጽዳት ከባድ ነው። ብዙ ኢምፕላንቶች ከድድ ጋር የሚገናኘው አንገታቸው ልሙጥ ሆኖ የሚሠራው ለዚህ ነው።

በዚህ ምክንያት የዛሬው ምርምር ወደ መከላከል አዘንብሏል። በአውሮፓ የአጥንት ካንሰር ያለባቸው ሰዎች የሚገባላቸው ትልልቅ ሰው ሠራሽ አጥንት በብር ተለብጦ ይሠራል፤ ብር ባክቴሪያን ያዳክማልና። በጃፓን ደግሞ አዮዲን የያዙ የቲታኒየም ገጾች ተሞክረዋል። ለተራው የጥርስ ኢምፕላንት ግን እስከ ዛሬ ከንጽሕና የሚበልጥ ልባጥ አልተገኘም።

🔹 አሁን ወደ ሦስቱ ጥያቄዎች

1️⃣ «ስድስት ወር ወይስ ስድስት ሳምንት?»

ሁለቱም ሐኪሞች ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። በ1981 አልብሬክትሶን፣ ብሮነማርክና ባልደረቦቻቸው ለውሕደቱ የሚያስፈልጉ ስድስት ነገሮችን ዘርዝረው ነበር፦ የብረቱ ዓይነት፣ ቅርጹ፣ ገጹ፣ የታካሚው አጥንት፣ የቀዶ ሕክምናው ጥራትና ጭነቱ የሚያርፍበት ሁኔታ። ገጹ ከስድስቱ አንዱ ብቻ ነው። አጥንታችሁ የሳሳ ከሆነ፣ አጥንት ተጨምሮላችሁ ከሆነ፣ ስኳራችሁ ካልተስተካከለ ወይም የምታጨሱ ከሆነ፣ ምርጡ ገጽ እንኳ ረዘም ያለ ጊዜ ሊፈልግ ይችላል። በአንጻሩ ብሎኑ ገና ሲገባ በጣም ጠብቆ ከያዘ፣ በተመረጡ ታካሚዎች ላይ ጊዜያዊ ጥርስ ቶሎ የሚደረግበት ሁኔታም አለ።

አንድ ነገር ግን ሁላችሁም እወቁ። ኢምፕላንት በገባበት ቀን የሚይዘው እንደ ማንኛውም ብሎን ተጠብቆ ነው። በሚቀጥሉት ጥቂት ሳምንታት ዙሪያው ያለው አሮጌ አጥንት ይታደሳል፤ አዲሱ ደግሞ ገና አልጠነከረም። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ጥንካሬው ይቀንሳል። የሚያሳዝነው፣ ሕመሙ የሚጠፋውና «ድኛለሁ» ብላችሁ ቆሎ የምትቆረጥሙት በዚያው ሰሞን ነው። ሕመም አለመኖሩ አጥንቱ ይዟል ማለት አይደለም። በእነዚህ ሳምንታት ብረቱ ከተነቃነቀ ሰውነት በአጥንት ፈንታ ጠባሳ ይሠራል፤ ታሪካችንም ከ1940 በፊት ወደነበረው ይመለሳል።

ከውጭ አገር ለጥቂት ሳምንት ዕረፍት መጥታችሁ ኢምፕላንት ማስተከል ለምታስቡ ወገኖቼም የምላችሁ አለ፤ ዕቅዳችሁን በአውሮፕላን ትኬታችሁ ሳይሆን በአጥንታችሁ ቀን አውጡ። ምናልባት ሁለት ጉዞ ያስፈልግ ይሆናል። ክትትሉን ማን እንደሚያደርግ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

2️⃣ «ለ12 ዓመት ልጄ ለምን አይሆንም?»

የብረቱ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ትልቁ ጉዳት ስለሚሆን ነው። የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንት ጋር የተያያዘው በስስ ጅማቶች ነው፤ መንጋጋ ሲያድግ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ኢምፕላንት ግን ከአጥንቱ ጋር ስለተዋሐደ ካለበት አይነቃነቅም። የልጅቷ መንጋጋ ሲያድግ ጎረቤት ጥርሶቿ ወደ ፊትና ወደ ታች ይጓዛሉ፤ ኢምፕላንቱ እዚያው ይቀራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አጥሮና ወደ ውስጥ ሰምጦ ይታያል፤ ማስተካከሉም ከባድ ነው።

ስለዚህ «ገና ናት» ያላችሁ ሐኪም ልጃችሁን ጠቅሟታል። የመንጋጋ እድገት መቆሙ የሚታወቀው በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በምርመራና በተከታታይ ራጅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ በፊት አይሆንም። እስከዚያው ተነቃይ ጥርስ ወይም ከጎረቤት ጥርስ ጋር የሚለጠፍ ጊዜያዊ ጥርስ ይደረግላታል። ቦታው እንዳይጠብና አጥንቱ እንዳይሳሳ ክትትል ያስፈልጋታል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የልጅ ቋሚ ጥርስ ሙሉ በሙሉ ወልቆ ከወደቀ ሥሩን ሳትነኩ፣ ሳትፈገፍጉ፣ ወተት ውስጥ አድርጋችሁ ወዲያውኑ ወደ ጥርስ ሐኪም ሩጡ። የራሷ ጥርስ ከተመለሰላት ከየትኛውም ቲታኒየም ይሻላታል። (የወተት ጥርስ ከሆነ ግን ተመልሶ አይተከልም።)

3️⃣ «እግሬ ውስጥ ያለው ብረት ይውጣ?»

የዳሌ መገጣጠሚያና የጥርስ ኢምፕላንት ሊኖሩ የገቡ ናቸው፤ አጥንት እንዲይዛቸው ይፈለጋል። ስብራት የሚያያይዝ ብረት ግን ሥራው አጥንቱ እስኪጋጠም ድረስ ነው። በተለይ ሊወጣ የታሰበ ከሆነ አጥንት ባይለጠፍበት ይመረጣል፤ ስለዚህ ገጹ ልሙጥ ቢሆን ይሻላል። በአዋቂ ሰው ላይ ካላስቸገረ ብዙ ጊዜ ይተዋል። በልጆች ላይ ግን እያደገ ያለው አጥንት ብረቱን ሊሸፍነው ስለሚችል ሐኪሞች በተገቢው ጊዜ ማውጣትን ያስባሉ። የቲታኒየም ብረት ብዙ በቆየ ቁጥር ማውጣቱ ሊከብድ እንደሚችል ከሌቨንታል አይጦች አይታችኋል። ስለዚህ «ብረቱ መቼ ይታያል?» የሚለውን ቀጠሮ አትርሱ። አጥንቱ መጋጠሙ በራጅ ሳይረጋገጥም «ይውጣልኝ» አትበሉ። ብረት ያለበትን እግር ወጌሻ ጋ ወስዶ ማሳሸትም አደገኛ ነው።

🔹 ከማስተከላችሁ በፊት የምትጠይቁት

✔️ የአጥንቴ መጠንና ጥራት በራጅ ወይም በሲቲ ታይቷል?
✔️ የኢምፕላንቱ ገጽ ምን ዓይነት ነው? በሰዎች ላይ ስንት ዓመት ክትትል ተደርጎበታል?
✔️ በእኔ ሁኔታ ስንት ሳምንት ወይም ወር መጠበቅ አለብኝ? ለምን?
✔️ የኢምፕላንቱን ስም፣ መጠንና የምርት ቁጥር የያዘ ካርድ ትሰጡኛላችሁ? (ከዓመታት በኋላ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ብሎኑ ቢላላ፣ የሚገጥመውን መለዋወጫ ለማግኘት ይህ ካርድ ወሳኝ ነው።)
✔️ ስኳር፣ ማጨስ፣ ለአጥንት መሳሳት ወይም ለካንሰር የምወስደው መድኃኒት ችግር ይፈጥራል? (ሳትጠየቁም ተናገሩ።)

ከተተከለ በኋላ ደግሞ በየቀኑ ዙሪያውን አጽዱ፤ ሐኪሙ ባለው ጊዜ ተመልሳችሁ ታዩ። ድዱ ከደማ፣ ካበጠ፣ መግል ካሳየ ወይም ኢምፕላንቱ የተነቃነቀ ከመሰላችሁ ሕመም እስኪመጣ አትጠብቁ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ሐኪሞች ላለፉት ስድሳ ዓመታት ብረቱን ሲያለሰልሱ፣ ሲያሻክሩ፣ ሲለብጡና ሲያጥቡ ኖረው የመጠበቂያውን ጊዜ ከወራት ወደ ሳምንታት አሳጥረዋል። ጨርሶ ሊያስቀሩት ግን አልቻሉም። የቀረውን የሚሠራው የእናንተ አጥንት ነው። ጊዜ ስጡት።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ ነው፤ ለእናንተ የሚሆነውን የሚወስነው የሚያያችሁ ሐኪም ነው። ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ፤ ልጁ ጥርሱን ለተመታበት ወይም ኢምፕላንት ሊያስተክል ላሰበ ወዳጃችሁም አጋሩት።

ጤናችሁ ይብዛ!